ለሁሉም ክፍት የሆነው የቀዘፋ ክለብ፦ አመጣጡና አሠራሩ

የማኅበረሰብ የቀዘፋ ክለብ ጀልባ፣ መቅዘፊያና የወንዝ ዳር ቤት በጋራ ይዞ፣ ስፖርቱን የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ሰው እየተቀበለ የሚያስተምር ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ለመግባት የነባር አባል ምስክርነት አይጠየቅም፤ የራስ ጀልባ መያዝም አያስፈልግም፤ መክፈል ለማይችል ሰው ክፍያው ይቀነስለታል ወይም ጨርሶ ይቀርለታል። ዛሬ ተራ የሚመስለው ይህ አሠራር የቅርብ ጊዜ ፍሬ ነው። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች በቴምዝ ወንዝ ላይ መወዳደር ከጀመሩበት ከ1829 አንሥቶ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ፣ የጀልባ ቤቶች በር የሚከፈተው በአመዛኙ ለተማሪና ለባለጸጋ ነበር። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ስፖርቱ በጣና ከሚታየው የታንኳ ቀዘፋ ይለያል። የጣና ቀዛፊ ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ፣ መቅዘፊያውን በእጁ ብቻ ይዞ ውሃውን ይገፋል። በውድድር ጀልባ ቀዛፊው የሚቀመጠው ጀርባውን ለጉዞው አቅጣጫ ሰጥቶ ነው፤ መቅዘፊያው ከጀልባው ጎን በወጣ የብረት ክንድ ላይ ይያያዛል፤ መቀመጫው በሐዲድ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ስለሚንሸራተት ዋናው ጉልበት የሚመጣው ከእግር ነው። የአንድ ሰው ጀልባ ርዝመቱ 8 ሜትር ያህል ሆኖ ወርዱ ከ30 ሴንቲሜትር ብዙም አያልፍም፤ ክብደቱም እስከ 14 ኪሎ ይወርዳል። የስምንት ሰው ጀልባ ከ17 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ስምንቱን ቀዛፊዎች ዘጠነኛ ሰው መሪ ይዞ ያቀናጃቸዋል። እንዲህ ያለ አዲስ ጀልባ ዋጋው በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው። በቤት ግቢ የሚቀመጥ፣ በመኪና ጣሪያ ጭኖ የሚኬድበት ዕቃ አይደለም፤ ውሃ ዳር ያለ ረጅም ቤት፣ መደርደሪያና የመውረጃ መድረክ ይፈልጋል። ስለዚህ ማን ይቀዝፍ የሚለው ጥያቄ ገና ከጅምሩ የጀልባው ባለቤት ማነው፣ የወንዙ ዳርስ የማን ነው ከሚለው ጋር ተሳስሮ ቆይቷል።

የሠራተኛው ስፖርት

ቀዘፋ ሲጀመር የባለጸጋ ጨዋታ አልነበረም። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ድልድይ ጥቂት ስለነበር ሰውና ዕቃ ወንዙን የሚሻገረው በጀልባ ነበር፤ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩት ቀዛፊዎችም ብዙ ነበሩ። ቶማስ ዶጌት የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ተዋናይ በ1715 ለእነዚሁ ሠራተኞች ውድድር አቋቋመ። የሥራ ልምምዳቸውን አጠናቀው ፈቃድ ያገኙ ወጣት አሻጋሪዎች ከለንደን ድልድይ እስከ ቼልሲ ይቀዝፋሉ፤ አሸናፊው ቀይ ካፖርትና የብር ዓርማ ይሸለማል። ውድድሩ ዛሬም አልቆመም።

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ በሰሜን እንግሊዝ በታይን ወንዝ ዳር ያሉ የድንጋይ ከሰልና የመርከብ ሥራ ሠራተኞች የስፖርቱ ጌቶች ሆኑ። ከእነሱ መካከል ሃሪ ክላስፐር ጀልባ ሠሪም ቀዛፊም ነበር፤ መቅዘፊያውን ከጀልባው ጎን አርቆ የሚይዘውን የብረት ክንድ አሻሽሎ ቀጭንና ፈጣን ጀልባ እንዲሠራ ካስቻሉት አንዱ ነው። በ1870 ሲሞት ቀብሩን ለማየት የወጣው ሕዝብ ከመቶ ሺህ በላይ እንደነበር በጊዜው ተገምቷል። የዛሬው የውድድር ጀልባ ከእነዚህ የእጅ ባለሙያዎች ዎርክሾፕ የወጣ መሆኑ ቀጥሎ የመጣውን ደንብ ይበልጥ አስገራሚ ያደርገዋል።

ደንቡ የወጣው በ1879 ነው። ከ1839 ጀምሮ በቴምዝ ላይ የሚካሄደው የሄንሊ ውድድር አስተዳዳሪዎች አማተር ማን እንደሆነ ሲደነግጉ ለገንዘብ የሚቀዝፈውን ብቻ አልከለከሉም፤ በእጅ ሥራ፣ በዕደ ጥበብ ወይም በጉልበት ሥራ ደመወዝ የሚያገኘውን ሁሉ አስወጡ። ግንበኛው፣ አናጢው፣ መካኒኩ አንድም ሳንቲም በቀዘፋ ባያገኝ እንኳ ከመኳንንት ልጆች ጋር መወዳደር አይችልም ማለት ነው። በ1882 የተቋቋመው የአማተር ቀዘፋ ማኅበርም ይህንኑ መንፈስ ተከተለ። ምክንያት ተብሎ የተሰጠው የጉልበት ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ጡንቻው ስለሚጠነክር ውድድሩ እኩል አይሆንም የሚል ነበር። ክርክሩ ደካማ ነው፤ ሙሉ ቀን ድንጋይ ሲያነሣ ከዋለ ሰው ይልቅ ሙሉ ከሰዓት በኋላውን ወንዝ ላይ ማሳለፍ የሚችል ተማሪ የተሻለ ይዘጋጃል። ደንቡ የጠበቀው ማኅበራዊ ርቀትን ነበር።

የተቃውሞው ድምፅ ካልታሰበ ሰው መጣ። ፍሬድሪክ ፈርኒቫል የመዝገበ ቃላትና የጥንት ጽሑፎች ሊቅ ነበር፤ ኋላ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የሆነውን ታላቅ ሥራ ከጀመሩት አንዱ ነው። በለንደን የሠራተኞች ኮሌጅ ያስተምር ነበርና ተማሪዎቹ በደንቡ መታገዳቸው አስቆጣው፤ በ1890 ሠራተኛውን የሚቀበል ተፎካካሪ ብሔራዊ ማኅበር እንዲቋቋም አደረገ። በ1896 ደግሞ በሃመርስሚዝ የልጃገረዶች የቀዘፋ ክለብ መሠረተ። ከአባላቱ መካከል በሻይ ቤቶች አስተናጋጅነት የሚሠሩ ሴቶች ነበሩበት። በ1901 ወንዶች እንዲገቡ ተፈቀደ፤ ክለቡ እስከ ዛሬ በፈርኒቫል ስም ይሠራል። የማኅበረሰብ ክለብን የዘር ሐረግ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የቀረበ አያት አይገኝም፤ ዓላማው ዋንጫ ሳይሆን ከሥራ በኋላ ወንዝ ላይ መውጣት የሚያምራቸውን ሰዎች ማስቀዘፍ ነበር።

የሄንሊው ደንብ ግን ቶሎ አልወደቀም። በ1920 አሜሪካዊው ጆን ኬሊ ለውድድሩ ያቀረበው ማመልከቻ ውድቅ ተደረገ፤ በወጣትነቱ ግንበኛ ሆኖ መሥራቱና ቀደም ሲል የታገደ የፊላዴልፊያ ክለብ አባል መሆኑ ምክንያት ሆነበት። በዚያው ዓመት በአንትወርፕ ኦሊምፒክ እንግሊዛዊውን ጃክ ቤረስፎርድን አሸንፎ ወርቅ ወሰደ። (ሴት ልጁ ግሬስ ኋላ የሆሊውድ ተዋናይትና የሞናኮ ልዕልት ሆናለች፤ ስሙ ከስፖርት ዓለም ውጭ የሚታወቀው በእሷ ነው።) በ1936 ወደ በርሊን ኦሊምፒክ ሲጓዝ እንግሊዝ የደረሰው የአውስትራሊያ የስምንት ሰው ቡድን፣ አባላቱ ፖሊሶች በመሆናቸው፣ ከሄንሊው ዋና ውድድር ተከለከለ። ቅሌቱ ከመጠን አለፈና በ1937 የእጅ ሥራን የሚመለከተው ክልከላ ተሠረዘ። ሁለቱ ተፎካካሪ ማኅበራት የተዋሐዱት በ1956 ነው።

ከቁማር ወደ ግል ክለብ

በአሜሪካ የተጻፈ የመደብ ክልከላ ይህን ያህል አልጠነከረም፤ ቦስተን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከ1854 ጀምሮ ከተማዋ የነጻነት በዓሏን በቻርልስ ወንዝ ላይ በጀልባ ውድድር ታከብር ነበር፤ በዚያ ዘመን ውድድሮች የሃርቫርድ ተማሪዎችና የአየርላንድ ስደተኛ ወደብ ሠራተኞች በአንድ ውሃ ላይ ይገናኙ ነበር። ሃርቫርድ ዛሬ የሚታወቅበት ደማቅ ቀይ ቀለም የመጣው ከዚህ ነው፦ በ1858 ቀዛፊዎቹ ከብዙ ጀልባዎች መካከል ተመልካቹ እንዲለያቸው ቀይ የሐር መሐረብ ራሳቸው ላይ አሰሩ። መሐረቡን ከገዙት አንዱ ቻርልስ ኤልየት ኋላ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1869 ደግሞ ሪቨርሳይድ ፕሬስ የተባለው ማተሚያ ቤት ሠራተኞች በቦስተን ጎረቤት በኬምብሪጅ ከተማ የራሳቸውን የጀልባ ክለብ አቋቋሙ፤ ሪቨርሳይድ አሁንም በዚያው ወንዝ ዳር አለ።

ይህን መቀላቀል ያበላሸው በአመዛኙ ገንዘብ ነው። ለሽልማት የሚቀዝፉ ባለሙያዎች ውድድር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተመልካች ሲስብ ቁማርተኛውም አብሮ መጣ። የታወቀው ውርደት በጥቅምት 1879 በኒውዮርክ ግዛት በቾቶኳ ሐይቅ የደረሰው ነው፤ 6,000 ዶላር የተመደበለት የኔድ ሃንላንና የቻርልስ ኮርትኒ ግጥሚያ ሊካሄድ ሲል የኮርትኒ ጀልባዎች ሌሊት በመጋዝ ተቆርጠው ተገኙ። ማን እንደቆረጣቸው አልታወቀም፤ ሃንላን ውድድሩን ብቻውን ቀዘፈ። ሕዝቡ ቀስ በቀስ ፊቱን ወደ ቤዝቦል አዞረ። ቀዘፋ በዩኒቨርሲቲዎችና በግል ክለቦች እጅ ቀረ።

የግል ክለቡ አሠራር ቀላል ነበር። አባላት አዋጥተው ቤት ይሠራሉ፣ ጀልባ ይገዛሉ፤ አዲስ ሰው የሚገባው ነባር አባል ሲያቀርበው ነው። በጽሑፍ ማንንም የማይከለክል ክለብ እንኳ በዚህ መንገድ የአባላቱ ዘመድና ጓደኛ ስብስብ ሆኖ ይቀራል። ጥቁር አሜሪካውያን፣ አይሁድ፣ አዲስ ስደተኞች ከብዙዎቹ ክለቦች የራቁት አንዳንዴ በግልጽ ክልከላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጠሪ በማጣት ነበር።

ሴቶች በሩን የገፉት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የራሳቸውን ቤት መሥራት ነበር፤ በሳንዲየጎ በ1892 አራት ወጣት ሴቶች የስማቸውን መነሻ ፊደላት ገጣጥመው ዝላክ ያሉትን ክለብ መሠረቱ፤ በፊላዴልፊያም በ1938 ኤርነስቲን ባየርና ጓደኞቿ የሴቶች ክለብ ከፈቱ። ሁለተኛው ሕግ ነበር። በ1972 የወጣው የፌዴራል የትምህርት ሕግ፣ ታይትል ናይን የሚባለው፣ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በጾታ እንዳያዳላ ደነገገ። በመጋቢት 1976 የየል ዩኒቨርሲቲ ሴት ቀዛፊዎች የሕጉን ስም ደረትና ጀርባቸው ላይ ጽፈው በስፖርት ኃላፊዋ ቢሮ ልብሳቸውን አውልቀው ቆሙ። ጥያቄያቸው የገላ መታጠቢያ ነበር፤ ወንዶቹ ሞቅ ባለ ውሃ ሲታጠቡ እነሱ በረዷማ ወንዝ የነካው እርጥብ ልብስ ለብሰው አውቶቡስ ውስጥ ይጠብቋቸው ነበር። በዚያው ዓመት በሞንትሪያል የሴቶች ቀዘፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ገባ። ነሐስ ባገኘው የአሜሪካ የስምንት ሰው ጀልባ ውስጥ አኒታ ዴፍራንዝ ነበረች፤ ኋላ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል የሆነች ጥቁር አሜሪካዊት ናት።

የታይትል ናይን ውጤት ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭም ታየ። በ1980ዎቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው መቅዘፍ የሚፈልጉ፣ ግን የሚገቡበት ክለብ ያጡ ሰዎች በዙ። በዚያው ጊዜ በቨርሞንት ድሬይሲጋከር የተባሉ ወንድማማቾች የብስክሌት ጎማ ተጠቅመው ኮንሴፕት ቱ በተባለው ድርጅታቸው ርካሽ የቀዘፋ ማሽን ሠሩ፤ የመጀመሪያው በ1981 ገበያ ላይ ዋለ። ቀዘፋን ያለ ወንዝ፣ ያለ ጀልባ፣ በክረምትም ማስተማር ተቻለ። ይህ ማሽን ለማኅበረሰብ ክለብ መስፋፋት ያደረገው ድርሻ ከማንኛውም ደንብ መሻሻል አያንስም።

በበረዶ ሜዳ የተጀመረ ክለብ

ኮምዩኒቲ ሮዊንግ በሚል ስም በ1985 ቦስተን ውስጥ የተቋቋመው ክለብ የዚህ ዓይነት ድርጅት ዋና ምሳሌ ተደርጎ ይወሰዳል። መሥራቾቹ በብሔራዊ ቡድን የቀዘፉና ያሠለጠኑ ሰዎች ሲሆኑ ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ የቻርልስ ወንዝ ዳር የሕዝብ መናፈሻ ሆኖ ሳለ ውሃው ላይ የሚወጣው ለምን የዩኒቨርሲቲ ተማሪና የግል ክለብ አባል ብቻ ይሆናል? ቤት አልነበራቸውም። የግዛቱ መንግሥት ወንዝ ዳር ያስተዳድረው የነበረውን የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ፣ በረዶ በማይኖርበት ወቅት፣ ለጀልባ ማስቀመጫነት ተጠቀሙበት፤ ክረምት ሲገባ አዳራሹ ለተንሸራታቾች ይመለሳል፣ ጀልባዎቹም ይወጣሉ። እንዲህ እየተባለ ከሃያ ዓመት በላይ ተሠራ።

ወንዙ ራሱ ገና ንጹሕ አልነበረም። የቻርልስ ታችኛው ክፍል በ1910 በግድብ ከባሕር ማዕበል ተለይቶ የተኛ ሐይቅ መሰል ውሃ ሆኗል፤ ይህ ለቀዘፋ ምቹ ቢያደርገውም ፋብሪካና የፍሳሽ ቱቦ የሚለቁበትን ቆሻሻ አጠራቀመው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1995 የጽዳት ዘመቻ ሲጀምር ለወንዙ ንጽሕና የሰጠው ውጤት ከመውደቅ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ያለ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍሳሹ ከዝናብ ውሃ እየተለየ፣ ሕገወጥ ቱቦዎች እየተዘጉ ውጤቱ በጣም ተሻሻለ፤ በ2011 ወንዙ ዓለም አቀፍ የወንዞች ሽልማት አግኝቷል። የተበከለ ውሃ በሚያስፈራበት ከተማ ለሁሉም ክፍት ክለብ መስበክ ዋጋ አይኖረውም ነበርና ጽዳቱና ክለቡ አብረው አደጉ።

ቋሚው ቤት የተከፈተው በ2008 በብራይተን ሰፈር ነው። በሃሪ ፓርከር ስም ተሰየመ፤ ፓርከር ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ ሞተበት 2013 የሃርቫርድ ወንዶችን ያሠለጠነ፣ በ1975 በዓለም ሻምፒዮና ብር ያገኘውን የአሜሪካ ሴቶች ቡድንም የመራ ሰው ነው። የምርጦች ምርጥ አሠልጣኝ ስም ለጀማሪዎች ቤት መሰጠቱ በአሜሪካ ቀዘፋ ዘንድ የመንፈስ ለውጥ መምጣቱን ያሳያል። ቤቱ 2,800 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በአጠገቡ ትናንሽ ጀልባዎች የሚቀመጡበት በመስተዋት የተሸፈነ ሁለተኛ ቤት አለ፤ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ጀልባዎቹን ከውጭ ያያቸዋል። ያረፈበት መሬት የግዛቱ ነው፤ ክለቡ የያዘው በሊዝ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል

የእንዲህ ያለ ክለብ ልዩነት ይበልጥ የሚታየው በሒሳብ መዝገቡ ነው። በአሜሪካ የግብር ሕግ አንቀጽ 501 ለአባላቱ መዝናኛ የተቋቋመ ማኅበርና ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ድርጅት በተለያዩ ንዑስ ክፍሎች ይወድቃሉ። ሁለቱም ትርፍ ለባለቤት አያከፋፍሉም። ሆኖም ለሁለተኛው የሚለግስ ሰው ልገሳውን ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ማስቀነስ ይችላል፤ ለመጀመሪያው የሰጠ አይችልም። ክፍት ክለቡ የሚመዘገበው በሁለተኛው ነው፤ በምላሹ በሩን ለሕዝብ መክፈት፣ ሒሳቡን በየዓመቱ ማንም ሊያየው በሚችል ሰነድ ማሳወቅ ይኖርበታል። ነባሮቹ የግል ክለቦች ግቢያቸውን ዘግተው የመኖር መብት አላቸው፤ የበጎ አድራጎት ልገሳ ግን አያገኙም።

ገቢው ከሦስት ምንጭ ይሰበሰባል። ትልቁ የትምህርት ክፍያ ነው፤ ከሥራ በፊት ማለዳ የሚመጡ ጎልማሶችና በውድድር ቡድን ያሉ ታዳጊዎች የሚከፍሉት። ቀጥሎ የግለሰብና የድርጅት ልገሳ፣ ከዚያም የኪራይና የውድድር ገቢ ይመጣል። አቅም ያለው ሰው ሙሉ ዋጋ ሲከፍል ትርፉ የሌላውን ድጎማ ይሸፍናል። ስለዚህ ክፍት ክለብ ባለጸጋን ማራቅ አይችልም፤ እንዲያውም ባለጸጋ ከሌለበት ይዘጋል። የክለቡ ዘላቂ ጭንቀት ከዚሁ ይነሣል። ከፋዩ ቡድን የተሻለ ጀልባና የተሻለ ሰዓት ሲጠይቅ፣ በድጎማ የሚመጣው ልጅ በተረፈው ሰዓት በአሮጌ ጀልባ እንዳይወሰን የሚጠብቅ ቦርድ ያስፈልጋል።

ትምህርቱ በአብዛኛው ቦታ ተመሳሳይ ቅደም ተከተል አለው። ጀማሪው መጀመሪያ መዋኘት መቻሉን ያሳያል፤ ከዚያ በማሽን ላይ እግር፣ ወገብ፣ ክንድ የሚለውን ቅደም ተከተል ይለማመዳል፤ ቀጥሎ ሰፊና በቀላሉ በማይገለበጥ ጀልባ ውሃ ላይ ይወጣል። አሠልጣኙ በሞተር ጀልባ ይከተላል። ብዙ ክለቦች ውሃው በሚቀዘቅዝበት ወቅት ቀዛፊዎችን ያለ አጃቢ አይለቁም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሰውነትን ማደንዘዙ አደገኛ ስለሆነ ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ የማስተርስ (የጎልማሶች) ውድድር ከ27 ዓመት ጀምሮ ስለሚከፈት በ50 ዓመቱ የጀመረ ሰውም እኩዮቹን አግኝቶ ይወዳደራል።

መዋኘት ቀላል ቅድመ ሁኔታ ይመስላል። በአሜሪካ ግን የተዘጋ በር ታሪክ አለው። በዘር መለያየት ሲፈርስ አንዳንድ የደቡብ ከተሞች ጥቁርና ነጭ አብሮ እንዳይዋኝ የሕዝብ መዋኛዎቻቸውን ጨርሰው ዘጉ፤ ጃክሰን፣ ሚሲሲፒ ይህን አድርጋ በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ልዩነት ድርጊቷ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ፈርዶላታል። ያኔ ያልዋኘ ወላጅ ልጁን አላስተማረም። በ1990ዎቹ ማብቂያ በቺካጎ ምዕራብ ክፍል በማንሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው ቡድን፣ በሀገሪቱ አባላቱ በሙሉ ጥቁር የሆኑ የመጀመሪያው የሁለተኛ ደረጃ ቀዘፋ ቡድን ተብሎ የሚታወቀው፣ ከውሃ ፍርሃት ጋር መጀመሪያ መታገል ነበረበት። የቡድኑ አባል አርሼ ኩፐር ታሪኩን ጽፎታል፤ በ2020 ዘጋቢ ፊልም ሆኗል። መዋኘት የማይችለውን የሚመልስ ክለብ የድሮውን ክልከላ ሳያውቀው ያስቀጥላል፤ ስለዚህ ብርቱዎቹ ክለቦች ዋናን ራሳቸው ያስተምራሉ።

ከቦስተን ውጭ

የቦስተኑ ክለብ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ለከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጃገረዶች የተለየ ፕሮግራም ከፈተ፤ ለቆሰሉ ወታደሮችና ለአካል ጉዳተኞችም እንዲሁ። በኒውዮርክ አማንዳ ክራውስ በ2002 ሮው ኒውዮርክ የተባለውን ድርጅት የጀመረችው በኩዊንስ ሴት ተማሪዎች ነው፤ ከቀዘፋው ጋር የትምህርት ድጋፍ ታያይዝበት ነበር። በእንግሊዝ ለንደን ዩዝ ሮዊንግ የተባለው ድርጅት የቀዘፋ ማሽኖችን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ያስገባል። በ1879 ሠራተኛውን ያገዱት የሄንሊ አስተዳዳሪዎች ወራሾችም በ1988 ወጣት ቀዛፊዎችን የሚደግፍ የበጎ አድራጎት ተቋም መሥርተዋል።

አካል ጉዳተኞች በ2008 በቤጂንግ ፓራሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀዘፋ ተወዳደሩ። ምድቡ ሦስት ነው፦ በትከሻና በክንድ ብቻ፣ በወገብና በክንድ፣ እንዲሁም በእግር፣ በወገብና በክንድ የሚቀዝፉ። በመጀመሪያው ምድብ መቀመጫው አይንሸራተትም፤ ቀዛፊው በቀበቶ ይደገፋል፣ ጀልባውም እንዳይገለበጥ በጎንና ጎን ተንሳፋፊ ይጨመርለታል። ርቀቱ 1,000 ሜትር ነበር፤ በ2017 ከሌሎቹ ጋር እኩል 2,000 ሜትር ሆነ።

ከሁሉ የተለየው መንገድ የስኮትላንድ ነው። በአንስትራዘር ከተማ ያለው የዓሣ ማጥመድ ሙዚየም በ2009 ከጀልባ ነዳፊው ኢየን ኡትረድ ጋር በመሆን ሴንት ኤልስ የተባለ ጀልባ አስነደፈ። ርዝመቱ 6.7 ሜትር፣ ቀዛፊው አራት፣ መሪው አንድ፤ የሚሠራው ቀድሞ ከተቆረጠ የእንጨት ጣውላ ነው። አንድ መንደር የተቆረጠውን ጣውላ ይገዛል፤ ጡረተኛው፣ አስተማሪው፣ ዓሣ አጥማጁ በጋራዥ ወይም በእርሻ ጎተራ ተሰብስበው ክረምቱን ሲገጣጥሙት ይከርማሉ፤ ጸደይ ሲሆን ራሳቸው ይቀዝፉበታል። በ2013 በኡላፑል የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ሲካሄድ ጀልባው የስኮትላንድን ወደቦች አዳርሶ ነበር። ፈጣን ጀልባ አይደለም። ግን ሰው ወደ ክለቡ የሚገባው ገና መቅዘፍ ሳይጀምር፣ መጋዝና መዶሻ ይዞ ነው፤ ሲሠራው የከረመውን ጀልባ ማንም አይከለክለውም።

የቦስተኑ ዓይነት ክለብ ሁሉን ችግር አልፈታም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል የሚጀምር ልምምድ መኪና ለሌለው ቤተሰብ ሩቅ ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቀዛፊ ስለሚመለምሉ የታዳጊዎች ቡድን የመግቢያ መሰላል እንዲሆን የሚፈልግ ወላጅ ብዙ ነው፤ በ2019 የተጋለጠው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ማጭበርበር ቀዝፈው የማያውቁ ልጆችን ቀዛፊ አስመስሎ ማቅረብንም ይጨምር ነበር። ጀልባው ውድ እስከሆነ ድረስ ድጎማው የሚመካው በለጋሽ ፈቃድ ላይ ነው። ቦስተን የውዱን ጀልባ ዋጋ ለብዙ ሰው አከፋፈለች፤ ስኮትላንድ ጀልባውን ራሱን ርካሽ አደረገች። ሐይቅና ወንዝ እያላቸው የውድድር ጀልባ ከውጭ ለማስገባት አቅም የሌላቸው ሀገሮች ከቦስተን ይልቅ ከስኮትላንድ የሚማሩት ይበዛል።